ኮከብን ተከትሎ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



በጋይንት ምድር ያለችውን ቤተ ልሔምን ስሟን ያልሰማ የቤተ ክህነት ተማሪ አይገኝም። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ዕውቀቱን የሚያስመሰክረው በዚያ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ከሩቅ አገር ተነሥተው ወደዚያ ሲጓዙ ኖረዋል። ዛሬ ማታ ግን የምናገረው ስለ ዜማው ሳይሆን፥ ደቀ መዝሙሩ ሌሊት ከጎጆው ወጥቶ ቀና ሲል ስለሚያየው ሰማይ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ የከተማ መብራት በማይደርስበት ደጋ ላይ የሚታየው የከዋክብት ብዛት እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን የምናየውን አይመስልም። እንግዲህ አንድ ሰው ቴሌስኮፕና ካሜራ ይዞ በዚያ ደጋ ላይ ቢተክል፥ ይህን ሰማይ አጥርቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት ምን ችግር ያጋጥመዋል?

የመጀመሪያው ችግር ሰማዩ የማይቆም መሆኑ ነው። በእርግጥ የምትዞረው ምድር ናት፤ እርሷም በከዋክብት አንጻር አንዱን ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አድማጮቻችን እንደሚያስታውሱት፥ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱም ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። በአንድ ኬክሮስ ጊዜ ውስጥ ሰማዩ 6 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ይህም ማለት ሙሉ ጨረቃዎችን ጎን ለጎን ብንደረድር፥ 12 ጨረቃ የሚያህል ርቀት ነው። ደብዛዛ የሆነ ነገር በፎቶግራፍ እንዲወጣ ካሜራው ለብዙ ደቂቃ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ ዝም ብሎ የቆመ ካሜራ ግን በዚህ ጊዜ ከዋክብቱን እንደ ተዘረጋ ክር አድርጎ ያወጣቸዋል።

መድኃኒቱ ከታወቀ ቈይቷል። ቴሌስኮፑ የሚቀመጥበት መቆሚያ አንዱ ዘንጉ ሰማይ ወደሚዞርበት ነጥብ፥ ማለት ወደ ሰሜን ዋልታ፥ እንዲያመለክት ይደረግና፥ ሞተር ምድር በምትዞርበት ልክ በተቃራኒ ያዞረዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 30 ቀን 1880 ዓ.ም. በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለውን ደመና መሰል ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣው፥ በሰዓት መዘውር በሚዞር ቴሌስኮፕ 51 ደቂቃ ከፍቶ በመጠበቅ ነበር። በ1882 ደግሞ 137 ደቂቃ ጠበቀ። ይኸው ኦሪዮን በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠራው ነው፤ በጥር ማታ ለጋይንት ሰው ከራሱ በላይ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይታያል።

ይሁን እንጂ ሞተር ብቻውን አይበቃም። ቴሌስኮፑን የሚያዞረው የጥርስ መንኰራኵር ምንም ያህል ተጠንቅቀው ቢሠሩት ጥቂት መዛነፍ አያጣም። ዋጋቸው መካከለኛ በሆነ መቆሚያዎች፥ መንኰራኵሩን የሚገፋው ብሎን መሰል ዘንግ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር፥ ብዙውን ጊዜ በየስምንት ደቂቃው ገደማ፥ ቴሌስኮፑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው መጠን 20 የማዕዘን ሴኮንድ ነው እንበል። አንድ የማዕዘን ሴኮንድ የአንዱ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ 20ው ምን ያደርሳል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የትኵረት ርቀቱ 1,000 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ፥ የአንዱ ፒክሰል ስፋት 3.76 ሚክሮን የሆነ ካሜራ ቢገጠም፥ አንዱ ፒክሰል ከሰማይ የሚይዘው 0.78 የማዕዘን ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮከቡ ከ25 ፒክሰል በላይ ወዲያና ወዲህ ይጐተታል፤ ሥዕሉም ይበላሻል።

ቀድሞ ይህን የሚያርመው ሰው ራሱ ነበር። በሌላ ቴሌስኮፕ አንዱን ኮከብ በመስቀለኛ ክር ላይ አድርጎ፥ ኮከቡ ከክሩ ፈቀቅ ባለ ቁጥር በእጁ እየመለሰ፥ በብርድ ሌሊት ለሰዓታት ዓይኑን ሳያነሣ ይቀመጣል። ዛሬ በዚያ ሰው ቦታ የተተካው ትንሽ ካሜራና ኮምፒዩተር ነው። ካሜራው አንዱን ኮከብ፥ መሪ ኮከብ የሚባለውን፥ በየጥቂቱ ሴኮንድ ያነሣዋል፤ ኮምፒዩተሩ የኮከቡን መካከል አስልቶ ከቀድሞው ስፍራው ምን ያህል እንደ ፈቀቀ ይለካል፤ ሞተሩንም ያንኑ ያህል እንዲመልስ ያዘዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ፒ ኤች ዲ 2 ይሉታል።

እንግዲህ መሣሪያው ከተገኘ ነገሩ አለቀ የሚል ሰው፥ በአገራችን ከሌላው አገር ይልቅ ይሳሳታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሰማይ ዋልታ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ፥ ቦታው ከምድር ወገብ ካለው የዲግሪ ርቀት ጋር እኩል ነው። ለንደን ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እንጦጦ ላይ 9 ዲግሪ፥ በጋይንት ደግሞ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን ጭብጣችንን አድማስ ላይ ብናሳርፈው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ለጋይንት ሰው ከጭብጥ እምብዛም አያልፍም። በሰሜን በኩል አንድ ጋራ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጥድ ቢቆም ኮከቡ ፈጽሞ አይታይም። ቢታይም እንኳ፥ በዚያ ዝቅታ ላይ አየሩ ብርሃኑን ስለሚያጐብጠው፥ ከእውነተኛ ስፍራው ጥቂት የማዕዘን ደቂቃ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ዘንጉን በ5 ደቂቃ የሳተ ሰው፥ በአምስት ደቂቃ ፎቶግራፍ ውስጥ ኮከቡ እስከ 6 የማዕዘን ሴኮንድ ድረስ ሊሸሸው ይችላል። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ መቆሚያዎች ዋልታው ከፍ ለሚልባቸው አገሮች የታሰቡ ስለ ሆኑ፥ ዘንጉን እንዲህ ዝቅ ሲያደርጉት የሚዛኑ ብረት ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። በእግሮቹና በራሱ መካከል አጭር ምሰሶ ቢገባ ይህ ይቃለላል።

ጠባቂው ካሜራ ይህን ሽሽት ያርመው የለምን? ያርማል፤ ግን የሚይዘው መሪውን ኮከብ ብቻ ነው። ዘንጉ የተዛባ ከሆነ ሌሎቹ ከዋክብት በመሪው ዙሪያ ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ በሥዕሉ ጠርዝ ያሉት እንደ ቅስት ይጐብጣሉ። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ በማይታይበት ቦታ አሮጌውን ዘዴ መጠቀም ይሻላል። በሰማይ ወገብ አጠገብ፥ በጋይንት ከራስ ቅል ጥቂት ወደ ደቡብ ማለት ነው፥ ያለ አንድ ኮከብ ይመረጥና ያለ እርማት ይታያል። ወደ ሰሜን ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምዕራብ አጋድሏል፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ያለ ኮከብ ይታያል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ዘንጉ ከፍ ብሏል፥ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዝቅ ብሏል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን የማይቆጭ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ለጠባቂው ልክ ማስተማር ነው። እዚህ ላይ የቤተ ልሔም መምህር ትዝ ይለኛል። ደቀ መዝሙሩ ሲያዜም ቢያስለው ወይም ድምፁ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ የኔታ አያቋርጡትም፤ ዜማውን ሲስት ግን ወዲያው ይመልሱታል። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ይህም የቴሌስኮፑ ስሕተት አይደለም። ጠባቂው ካሜራ በየግማሽ ሴኮንዱ እያነሣ ይህን ብልጭታ ሊያርም ቢሮጥ፥ ደኅና የቆመውን ቴሌስኮፕ እርሱ ራሱ ያናውጠዋል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ከ2 እስከ 4 ሴኮንድ እንዲቆይ ማድረግ፥ የታየውንም ስሕተት በሙሉ ሳይሆን ከመቶ ስድሳ ወይም ሰባ እጁን ብቻ እንዲያርም ማዘዝ፥ እጅግ ትንሹን መፈቀቅ ጨርሶ እንዲተው ማድረግ ይገባል። በአንድ ኮከብ ፈንታ ብዙ ከዋክብትን በአንድነት የሚመለከት ፕሮግራም ከተገኘ ብልጭታው እርስ በርሱ ይጣፋል።

የጥርሶቹ ልቅነትም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ አቅጣጫ ሲለውጥ ጥርሶቹ እስኪገናኙ ድረስ ቴሌስኮፑ አይነቃነቅም፤ ጠባቂው ትእዛዝ ይደጋግማል፤ በመጨረሻ ጥርሱ ሲይዝ ኮከቡ አልፎ ይሄዳል። ለዚህ የሚበጀው ሽሽቱ ወዴት እንደ ሆነ አይቶ፥ እርማቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መፍቀድ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ደግሞ ሚዛኑን ለምሥራቁ ጥቂት ቢያከብዱለት ጥርሶቹ ሳይላቀቁ ይሄዳሉ።

አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሁሉ ደኅና ነው እያለ ሥዕሉ ተጐትቶ ይወጣል። ይህ ሲሆን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ በጎን የታሰረው የጠባቂው ቴሌስኮፕ ነው፤ በክብደቱ እያዘነበለ ከዋናው ጋር ስለሚለያይ ነው። በዋናው ቴሌስኮፕ ውስጥ ከካሜራው ፊት ትንሽ ፕሪዝም አግብቶ፥ ከዚያው ብርሃን ለጠባቂው ማካፈል ይህን ያስቀራል። የተንጠለጠለ ሽቦና ነፋስም እንዲሁ ሥዕል ያበላሻሉ፤ ለእነርሱ ገመድና የድንጋይ ከለላ ይበቃል።

በእንጦጦ ላይ፥ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስተዋት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ነገር ግን የከተማው መብራት ከሥራቸው ነው። ከዚህም የተነሣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር፥ ከጋይንት ብዙ በማይርቀው በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ከዚህ የበለጠ መመልከቻ የመትከል ሐሳብ እንዳለው በ2013 አስታውቆ ነበር። በዚያም ተራራ ላይ ዋልታው 12 ዲግሪ ነው፤ የሰሜን ኮከብም እንደ ጋይንቱ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ ይታያል።