የጎዳና ድንኳኖችና የጎረቤት ሱቆች

በአሜሪካ አገር አሪዞና የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ዋና ከተማው ፊኒክስ ይባላል። አገሩ በረሃ ነው። በ2023 ዓ.ም. በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ 31 ቀን ሳያቋርጥ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሆኗል። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህች ከተማ መካከል ለችግረኞች ምግብ፣ ሕክምናና መኝታ የሚሰጥበት ግቢ አለ። የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ ቤት አልባው በዛ፤ የግቢው አልጋም ሞላ። አልጋ ያጣ ሰው ምን ያድርግ? ከእርዳታው ላለመራቅ ብሎ በአቅራቢያው ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ድንኳን ተከለ። አንዱን አይቶ ሌላው መጣ። በ2023 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሰፈሩ ወደ 1,000 ሰዎች ሰፍረው ነበር።

በዚያው ጎዳና ትንንሽ ነጋዴዎች ይሠሩ ነበር። ምግብ የሚሸጥ አለ፤ ወርክሾፕ ያለው አለ። ታዲያ ድንኳኑ ሱቁን እንዴት ይጎዳል? በገበያ ቀን ከመደባችሁ ፊት መንገዱ ቢዘጋ ገዢ በየት ይመጣል? የእነሱም ነገር እንዲሁ ነው።

አንደኛ፣ መንገዱ ሲዘጋ ደንበኛ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሽንት ቤት በሌለበት ብዙ ሰው ሲኖር ዓይነ ምድርና ቆሻሻ ደጃፍ ላይ ይከመራል። ባለ ሱቁ በየጧቱ መጥረግ አለበት። ሦስተኛ፣ እሳት፣ ስርቆትና ጠብ ስለሚበዛ ሠራተኛው ይፈራል። ለአጥርና ለቁልፍ የሚወጣው ገንዘብ ትርፉን ይበላዋል። አራተኛ፣ ሱቁን ልሽጠው ቢልም ገዢ አያገኝም።

ይሁን እንጂ የባሰ የተጎዱት በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ናቸው። ሙቀቱ የሚያቃጥለው እነሱን ነው። ሌባውም መጀመሪያ የሚዘርፈው እነሱን ነው።

በ2018 ዓ.ም. አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ መጠለያ የሌለውን ሰው ውጭ ተኛህ ብሎ መቅጣት አይቻልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ከተማው ይህን ፍርድ እየጠቀሰ እጄ ታስሯል ይል ነበር። ነጋዴዎቹና የሰፈሩ ነዋሪዎች ግን በ2022 ዓ.ም. ክስ መሠረቱ። የከሰሱት ቤት አልባዎቹን አይደለም፤ ከተማውን ነው። ጎዳናው የሕዝብ ነውና ከተማው ይጠብቀው አሉ። ዳኛውም በ2023 ዓ.ም. ለከሳሾቹ ፈረደ። ጎዳናው የሚጸዳበትንም ቀን ቆረጠ።

ከተማው ሥራውን በግንቦት ጀምሮ አንድ አንድ መንገድ እያለ አጸዳ። ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት ለሰዎቹ መኝታ ይቀርብላቸው ነበር። ብዙዎቹ ተቀበሉ። እምቢ ያሉት ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ለሱቆቹ ደጃፋቸው ተከፈተላቸው። ሆኖም ለዓመታት የራቀ ደንበኛ በአንድ ቀን አይመለስም።

በ2024 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2018ቱን ፍርድ ሻረው። አሁን ከተማ መኝታ ባይኖረውም እንኳ ውጭ የሚተኛውን መቅጣት ይችላል። በዚያው ዓመት የአሪዞና ሕዝብ በድምፁ አንድ ሕግ አጸደቀ። ከተማው ሕግ ሳያስከብር ቀርቶ ባለ ንብረት ወጪ ቢያወጣ፣ ከከፈለው ግብር ላይ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ፍርድ ቤት መንገድ ያስከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም። ሰውየው የሚገባበት ሳያገኝ ከዚህ ቢነሳ ነገ ሌላ ሱቅ ደጃፍ ይተኛል። ባለ ሱቁ ለእንጀራው መንገድ ይሻል፤ ያኛውም ጎኑን የሚያሳርፍበት ይሻል። ሁለቱም የሚጠይቁት ከተማውን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ድንኳኖቹ በዚያ ሰፈር የበዙት ለምንድን ነው?
2. ነጋዴዎቹ ቤት አልባዎቹን ሳይሆን ከተማውን የከሰሱት ለምን ይመስላችኋል?
3. እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር?