ዘንዶና ጊታር፤ ስለ ምናብ ዓለም የተገጠሙ የሮክ ዘፈኖችን እንደ ግጥም ስለ ማንበብ

የዘፈን ግጥም ከዜማው ተለይቶ በወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደ ግጥም ሊመረመር ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለቦብ ዲለን ከተሰጠ ወዲህ ክርክሩ በመጠኑ የበረደ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሮክ ዘፋኞች ስለ ዘንዶ፣ ስለ ጠንቋይና ስለ ጠፋ መንግሥት የሚያዜሙት ግጥም ገና ከደጅ እንደ ቆመ ነው። አንዳንዱ «የልጆች ተረት» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ ቸኩሎ ወርቅ ይቆፍርበታል። ከሁለቱ ስሕተቶች የኋለኛው የእኛው ስለ ሆነ ይህ ጽሑፍ ይበልጡን የሚመለከተው እርሱን ነው።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ የዘንዶ ስም በሰማ ጊዜ ዘንዶውን ትቶ «ማንን ለማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልማዱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሳንሱር በበረታባቸው ዘመናት ዘፋኝና አድማጭ ሲግባቡ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነበር። ነገር ግን ስለ ምናብ ዓለም በተገጠመ ዘፈን ውስጥ ዘንዶው ከሁሉ አስቀድሞ ዘንዶ ነው። ክብደት አለው፤ የሚተኛበት ዋሻ አለው፤ ያቃጠለው መንደር አለው። ሰሙን ሳያጣጥም ወደ ወርቁ የሚሮጥ ሰው ግጥሙን ሳይሆን የራሱን ግምት አነበበ ማለት ነው።

ዘንዶ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ እንስሳ አይደለም። በጥንት ዘመን ነግሦ ነበር ስለሚባለው አርዌ የሚተረከው አፈ ታሪክ አለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕልም በየቤቱ ተሰቅሎ ይታያል። ሆኖም እነዚህ ከሮክ ዘፈኑ ዘንዶ ጋራ በአንድ መደብ መቈጠር የለባቸውም፤ አርዌ እንደ ታሪክ የተነገረ፣ የጊዮርጊስ ዘንዶም በእምነት የተያዘ ነውና። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ የምናገኛት የቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲም እንዲሁ ናት። በኢሬቻ በዓል በሐይቁ ዳር የሚዜመው ምስጋና ለዋቃ የቀረበ ጸሎት ስለ ሆነ፣ «ምናብ» ብሎ መጥራት ዜማውንም ባለ ዜማውንም መበደል ነው። የምናብ ዓለም የምንለው ግን ሠሪው ሠሪ መሆኑን እያወቀ የሚያቆመውን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ባሰማው ንግግር፣ ተራኪ ሁለተኛ ዓለም እንደሚሠራና በዚያ ዓለም ውስጥ የሚናገረው ሁሉ ለዓለሙ ሕግ የታመነ መሆን እንዳለበት አስረድቷል።

ስለዚህ ለእነዚህ ዘፈኖች የቅርብ ዘመድ የሚሆነው የእሳት ዳር ተረት ነው። በአማርኛ «ተረት ተረት»፣ በኦሮምኛ «ዱሪ ዱሪ» ሲባል በእውነተኛው ዓለምና በአያ ጅቦ ዓለም መካከል አጥር ይተከላል፤ ከአጥሩ ወዲያ ጅብ ቢናገር ማንም አይደነቅም። የሮክ ዘፈን እንዲህ ያለ የመግቢያ ቃል የለውም። ሥራውን የሚሠራለት የጊታሩ መግቢያ ነው፤ በወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሌድ ዜፐሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው «ራምብል ኦን» ውስጥ ተናጋሪው ከአገር አገር የሚንከራተት ሰው ነው። በሞርዶር ጨለማ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ያገኛል፤ ጎለም መጥቶ ይወስድበታል። ሁለቱም ስሞች ከቶልኪን መጽሐፍ የተገኙ ናቸው፤ በመጽሐፉ ግን ጎለም የሚመኘው ቀለበት እንጂ ሴት አይደለም። ስሞቹን ብናወጣቸው የሚቀረን የተለመደ የፍቅር እንጉርጉሮ ነው። በእኛ ግምት ግጥሙ እዚህ ላይ ደከም ያለ ነው፤ ስሙ የሚሠራው መጽሐፉን አስቀድሞ ላነበበ ሰው ብቻ ነውና። የአዳማ ሰው እንዲህ ያለውን የስም ብድር ያውቀዋል። አዳማ የሚለው ስም በአፈሩ ላይ ከበቀለው ቁልቋል፣ በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው፣ ጋራ ተያይዞ ይነገራል፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጠው ናዝሬት ግን በሩቅ ያለን መጽሐፍ ይጠራል።

ብላይንድ ጋርዲያን የተባለው የጀርመን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ናይትፎል ኢን ሚድል ኧርዝ» ከዚህ የጠለቀ ነው። አልበሙ በሙሉ «ሲልማሪሊየን» በተባለው የቶልኪን መጽሐፍ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ፌአኖር የተባለው ባለ ታሪክ ስለ መሐላውና በወገኖቹ ላይ ስላፈሰሰው ደም በራሱ አንደበት ይናገራል። ይህን ከጌራርሳ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። በጌራርሳም ተናጋሪው «እኔ» እያለ ጀብዱውን ይዘረዝራል፤ ነገር ግን በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ያውቁታል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ያፍራል። ፌአኖር እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። በምስክሩ ስፍራ የሚቆመው የዓለሙ ወጥነት ነው፤ መሐላው በአንድ ዘፈን ከታሰረ በሌላው ዘፈን ዋጋ ማስከፈል አለበት። እንዲህ ያለውን ግጥም አንድ ስንኝ ነጥሎ መመዘን ግፍ ነው።

ድምፅን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። ሌድ ዜፐሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «ዘ ባትል ኦቭ ኤቨርሞር» ሳንዲ ዴኒ የምትባል ዘፋኝ ከዋናው ድምፃዊ ጋራ እየተቀባበለች እንደ አዋጅ ነጋሪ ትዘፍናለች። አውራጅና ተቀባይ ለለመደ ጆሮ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግጥሙን በወረቀት የሚያነብ ግን የአንድ ሰው ንግግር ይመስለዋል። ስለ ምጣኔም ቢሆን፣ የእንግሊዝኛው ግጥም በቃል ጫና ሲመዘን የእኛው የወል ቤት ስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ተከፍሎ በቀለም ይቈጠራል። እነዚህን ዘፈኖች ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪ ምጣኔያቸውን ይዞ ለመምጣት ባይደክም መልካም ነው።

«ዘንዶው የገባው ቤት እንዲመታ ነው» የሚለው ነቀፋ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ዳሩ ግን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የሕዝብ ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ከሁለተኛው ጋራ በድምፅ እንጂ በነገር የማይገናኝ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ስለ ተራራው ወይም ስለ ከብቱ ይናገርና ፍሬው በኋላ ይመጣል። እኛ ይህን መንደርደሪያ በአገራችን ግጥም ስናደንቅ ቈይተን በሌላው ላይ ስናገኘው ብንስቅ ፍርዳችን አይቃናም።

የአገራችን የዘፈን ግጥም ከዓለማችን ውጭ ሌላ ዓለም መሥራትን እምብዛም አይመርጥም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ጋራ የጀመረውና ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ያረፈው ዓሊ ቢራ መጠሪያውን ያገኘው ስለ ብራ፣ ስለ ክረምት ማብቂያ ብርሃን፣ ከዘፈነው ነው፤ ናፍቆቱን ያሳረፈው በሚታወቅ ወቅት ላይ ነበር። ጃኖ ባንድም እ.ኤ.አ. በ2012 ላወጣው የሮክ አልበም ስም ሲፈልግ ከተረት አልተበደረም፤ «ኤርታሌ» አለው። ቶልኪን በሞርዶር መካከል የሚነድ ተራራ አኑሯል፤ የመተሐራ ተማሪ ግን ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ያየዋል። ያንን ዘፈን ሲያነብ ምናብ የሚሆንበት ቀለበቱ እንጂ እሳቱ አይደለም።