የቦሌ ከፍታና የኦክስጅን ማሽን

የሳንባ ሕመም ያለባቸው እናት ወይም አባት ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲነሱ ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው የሰማዩ ጉዞ ነው። «አውሮፕላን ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ?» ይባላል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ከባዱ ነገር ያለው ግን ከአውሮፕላኑ ከወረዱ በኋላ ነው።

አውሮፕላን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲበር ወደ መንገደኞች ክፍል አየር እየታመቀ ይገባል። ያም ሆኖ ግፊቱ የባሕር ጠለልን አያህልም። የአቪዬሽን ደንብ በተለመደው በረራ የሚፈቅደው ቢበዛ 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት አየር ነው። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 6,000 ጫማ ገደማ ላይ ይቆማሉ። በ8,000 ጫማም ቢሆን የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ግን ሰውነት የሚያገኘው በባሕር ጠለል 15 በመቶ ብቻ ኦክስጅን ያለው አየር ቢተነፍስ የሚያገኘውን ያህል ነው። ሐኪሞች ከጉዞ በፊት ሕመምተኛውን እንዲህ ያለ አየር አስተንፍሰው በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚወርድ የሚለኩትም ለዚህ ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፤ የዋሽንግተኑ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በ787 የመጣ ሰው ቦሌ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ የሚቀበለው አየር ሲበር ከተነፈሰው ይበልጥ የሳሳ ነው። በረራው በ13 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ለሳምንታት ይቆያል፣ ደረጃ እየወጣ፣ ለቅሶ እየደረሰ፣ ዘመድ እየጠየቀ።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ለጉዞው ሊይዘው የሚችለው ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ማሽን ኦክስጅን አይፈጥርም፣ እንደ ሲሊንደርም አምቆ አይይዝም። የአካባቢውን አየር ስቦ ዚዮላይት በተባለ ማዕድን በተሞላ ቱቦ ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል። ብዙ ጊዜ «ወንፊት» ሲባል እንሰማለን፤ የሚለየው ግን በቀዳዳው ጥበት አይደለም። በዚዮላይቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው አቶሞች ናይትሮጅንን ከኦክስጅን አብልጠው ስለሚስቡ ናይትሮጅኑ ተይዞ ይቀራል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲላላ የተያዘው ናይትሮጅን ይወጣል። አንዱ ቱቦ ሲያጣራ ሌላው ይጸዳል። አርጎን ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ንጥረቱ ከ95 በመቶ እምብዛም አይበልጥም።

አብዛኞቹ ትናንሽ ማሽኖች ኦክስጅኑን የሚሰጡት ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ነው። በማሽኑ ላይ ያለው «2» የሚለው ቁጥር በደቂቃ 2 ሊትር ማለት አይደለም። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ሲደክም ወይም በአፍ ሲሆን ማሽኑ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ረጅም በረራ ላይ ከመተኛት በፊት፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማሽኑን በእንቅልፍ ሰዓት መሞከር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከአሜሪካና ወደ አሜሪካ የሚበሩ አየር መንገዶች፣ የውጭዎቹም ጭምር፣ መስፈርቱን ያሟላ ማሽን በአውሮፕላን ላይ መጠቀምን በአመዛኙ መፍቀድ አለባቸው። ነገር ግን 48 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅን፣ ለበረራው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ የሚበቃ ባትሪ መያዝንም ሊጠይቁ ይችላሉ። ለ13 ሰዓት በረራ 19 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የመቀመጫውን ሶኬት ተማምኖ መነሳት አይገባም። መለዋወጫ ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው።

ከደረሱ በኋላ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ባትሪው ሁሌም ሙሉ ይሁን። ቻርጀሩ 220 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ቀድሞ ማየት ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የተሠሩት እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲያገለግሉ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወደ ገደቡ ተጠግቷል።

ሐኪምዎ «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ አይንገሩት። የሚያርፉበትን ከተማ ከፍታና የሚቆዩባቸውን ሳምንታት ይንገሩት፤ ማሽኑ ለበረራውም ለአዲስ አበባም በስንት ቁጥር እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀበሉት።