የስኳር በሽታና ያልተሰማው ቍስል
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በሽታ ሁሉ እያመመ ቢመጣ ኖሮ ወደ ሐኪም ለመሄድ ማንም ባልዘገየ ነበር። የስኳር በሽታ ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ለዓመታት ይቀመጣል፤ ባለቤቱም «ደኅና ነኝ» እያለ ክኒኑን ይተዋል፥ የቀጠሮውንም ቀን ያሳልፋል። ዛሬ ልንገልጥላችሁ የምንወደው፥ ይህ «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ሰውን ምን ያህል እንደሚያታልል ነው።

የምንበላው እንጀራና ዳቦ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዘዋወራል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ብዙ ዘመን በቈየም ጊዜ የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጐዳል። ከዚህም የተነሣ የልብ፥ የዓይን፥ የኩላሊትና የእግር ሕመም ይመጣል።

እግርን ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጧት ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። በጫማው ውስጥ የምስማር ጫፍ አለ። የእግሩ ነርቭ ስለ ደነዘዘ አይሰማውም፤ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ደም ያያል። ለእግሩ ደም በሚገባ ስለማይደርሰው ቍስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ካልታከመም ይመረቅዛል፤ መጨረሻውም እግርን እስከ መቍረጥ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሕመም አለመሰማቱ የጤንነት ሳይሆን የጕዳት ምልክት ነበር ማለት ነው።

ዓይንና ኩላሊትም እንደዚሁ ናቸው፤ ጕዳታቸው ሲጀምር የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ እንጂ በሕመም አይደለም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የማይቀር ዕዳ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ኢንሱሊን በሚወጉ 1,441 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ውጤቱ ተገልጧል። ዓይናቸው አስቀድሞ ካልተነካው መካከል፥ ስኳራቸውን በጥብቅ የተቈጣጠሩት፥ እንደ ተለመደው ከታከሙት ይልቅ የዓይን ጕዳት የሚያገኛቸው በ76 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሁሉ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጥ፤ የሚጾምም ቢሆን ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ማታ ማታም መርገጫውንና የጣቶቹን መካከል በብርሃን ይመልከት። ዓይኑንና ሽንቱን በየዓመቱ ያስመርምር፤ ያለፉትን 2 ወይም 3 ወራት የስኳር መጠን በአማካይ የሚያሳየውንም የደም ምርመራ ይጠይቅ። ትምባሆ የሚያጤስ ቢሆን ይተው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በስኳር በሽታ ግን የሚደበቀው ሰውየው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው፤ ፈልጎ ማግኘት የእኛ ፋንታ ነው። ፍለጋውም ዛሬ ማታ፥ ካልሲ ሲወልቅ፥ ሊጀመር ይችላል።