የዘጌ የሎሚ አጸዶችና አብያተ ክርስቲያናት

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ የሚደረስበት ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ባሕረ ገብ መሬት፣ ማለትም በሦስት ወገን ውኃ የከበበው ምድር ሲሆን፣ ሕዝቡ ያለ ሞፈርና ቀንበር በአትክልት የኖረ ነው። እንደ ገዳማቱ ትውፊት ከሸዋ የመጡት አቡነ በትረ ማርያም ምንኩስናን በዚያ ሲመሠርቱ፣ ነዋሪው ሎሚ፣ ቡናና ጌሾ ተክሎ እንዲተዳደር፣ መሬት እንዳያርስና የቀንድ ከብት እንዳያረባ ተደነገገ።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ የመንዝና የግሼ ደጋ ውርጭ የሌለበትና ለሎሚ የሚስማማ ነው። ሎሚው ለብቻው አይለማም፤ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ከቡናውና ከጌሾው ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል። ባለአጸዱም ምርቱን ከደንገል በታሰረ ታንኳ እያሻገረ፣ ራሱ በማያመርተው እህል ሲለውጥ ኖሯል።

በዚህ ደን ውስጥ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት መካከል መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያም፣ አዝዋ ማርያምና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይጠቀሳሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሕንፃ ክብ ሲሆን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስትና ታቦቱ ያለበት አራት ማዕዘን መቅደስ ይከታተላሉ። የመቅደሱ ግድግዳ በላዩ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው፤ በሥዕሎቹም እንደ አገሩ የአሣሣል ወግ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን ይታያሉ።

የእንጨትና የጭቃ ሥራ በቀላሉ የሚፈርስ ሆኖ ሳለ ቅርሱ እስከዛሬ መቆየቱ ከአትክልቱ ሥርዓት ተለይቶ ሊታይ አይገባውም፤ ማረስ በመከልከሉ ደኑ አልተመነጠረም፣ ደኑ በመቆየቱም ለጥገና የሚሆን እንጨት በደጅ ተገኝቷል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ ከዘጌ ተቆርጦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ የሚሸጠው ማገዶ ደኑን እያሳሳው ነው፤ ጥላው ሲሳሳ በቅድሚያ የሚጎዳው ቡናው በመሆኑ፣ ለማገዶ ቆራጮች ሌላ መተዳደሪያ ማግኘት ከሥዕሎቹ ጥገና እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።