በናፖሊ የነበረው የቻይናውያን ኮሌጅና የአባ ማቴኦ ሪፓ ሥራ

አንድ ሃይማኖት ከተወለደበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ ሕዝብ በሚሻገርበት ጊዜ ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ የክህነት ጥያቄ ነው። መጽሐፍ ይተረጐማል፤ ቤተ ክርስቲያንም በአገሩ ከሚገኘው ድንጋይና እንጨት ይታነጻል፤ ካህን ግን ሥልጣኑን ከሌላ እጅ ይቀበላል እንጂ ራሱን በራሱ አይሾምም። ስለዚህ ሿሚው በባሕር ማዶ የሚኖር ሲሆን ወይ ሿሚው ወደ ተሿሚው፣ ወይ ተሿሚው ወደ ሿሚው መጓዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ከዚህም ጋር ሁለተኛ ጥያቄ ተያይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ተሿሚው በማን ቋንቋ ይማር፣ በማንስ ሥርዓት ይደግ የሚለው ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አባ ማቴኦ ሪፓ የተባሉ ኢጣልያዊ ሚሲዮናዊ ቄስ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሰጡት መልስ፣ የቻይና ወጣቶችን ወደ አውሮፓ አምጥቶ በናፖሊ ከተማ ማስተማርና ካህናት አድርጎ ወደ አገራቸው መመለስ ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሪፓ አስቀድሞም ክህነት የተቀበሉ ቻይናውያን ነበሩ። ከእነዚህም ስመ ጥሩው በ1654 በማኒላ የተቀሰሱት የዶሚኒካውያን ማኅበር አባል ሉዎ ዌንዛዎ ናቸው። እኒህ ሰው በ1685 በካንቶን ከተማ ጵጵስና ተቀብለው የመጀመሪያው ቻይናዊ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1688ም ሦስት ቻይናውያን ኢየሱሳውያንን ቀሰሱ። ከሦስቱ አንዱ በሠዓሊነቱና በባለቅኔነቱ የታወቀው ዉ ሊ ሲሆን በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ ሁሉ ዋናው መሰናክል የላቲን ቋንቋ ነበር። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1615 ቅዳሴ በቻይንኛ እንዲቀደስ ፈቅዳ ሳለ ፈቃዱ በሥራ ሳይውል ቀረ፤ ስለዚህ ለክህነት የሚታጨው ሰው ላቲን ማንበብ ነበረበት። በዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ከቻይንኛ ፈጽሞ የራቀን ቋንቋ በቀላሉ አይማርም። ከዚህ የተነሣ ትምህርቱን በልጅነት የማስጀመር ሐሳብ እየበረታ ሄደ።

አባ ማቴኦ ሪፓ በ1682 በደቡብ ኢጣልያ ኤቦሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የስብከተ ወንጌልን ሥራ የሚመራው የሮማ ጉባኤ፣ ማለት ፕሮፓጋንዳ ፊዴ፣ ወደ ቻይና ልኳቸው በ1710 ማካዎ ደረሱ። ይሁን እንጂ በፔኪን ቤተ መንግሥት የተፈለጉት ለስብከታቸው ሳይሆን ለእጅ ሙያቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በመጀመሪያ በሠዓሊነት አሠሯቸው፤ ኋላም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል እንዲቀርጹ አዘዟቸው። ሪፓ የመዳብ ቀረጻን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ባይሆኑም እየሞከሩ ተምረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጀሆል ያሠሩትን የበጋ ቤተ መንግሥት የሚያሳዩ 36 ሥዕሎች ቀርጸው አወጡ። በዚህ ዓይነት ከአሥር ዓመት በላይ በቤተ መንግሥት ሲኖሩ ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛው፣ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ቍጥራቸው አነስተኛ፣ ቋንቋውንም ለመማር ብዙ ዓመት የሚፈጅባቸው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የመንግሥቱ ፊት በጠቈረ ጊዜ አውሮፓዊ ሁሉ በመልኩ ተለይቶ ሊባረር የሚችል ሲሆን፣ የአገር ተወላጅ ካህን ግን ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ ሊኖር የሚችል መሆኑ ነው።

በዚህ ምክንያት በ1719 በጀሆል ጥቂት ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ካንግሺ በ1722 መጨረሻ ዐረፉ። የተተኩት ልጃቸው ዮንግጄንግ ለክርስትና ፊት አልሰጡም፤ በ1724ም ሃይማኖቱ በአዋጅ ተከለከለ። ሪፓ የመሰናበቻ ፈቃድ አግኝተው በ1723 መጨረሻ አራት ወጣቶችንና አንድ ቻይናዊ መምህር አስከትለው ከፔኪን ወጡ። ከካንቶን በእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው በ1724 ለንደን ደረሱ፤ በዚያም ንጉሥ ጆርጅ 1ኛ ተቀብለው አነጋገሯቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ናፖሊ ገቡ። መምህሩ አብሯቸው እንዲሄድ መደረጉ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ልጆቹ ላቲን ሲማሩ የአገራቸውን ፊደል ቢረሱ፣ ሲመለሱ ለገዛ ወገናቸው እንግዳ እንደሚሆኑ ሪፓ ተረድተውት ነበርና።

ኮሌጁ እስኪጸና ድረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። ገንዘብም የሮማ ፈቃድም የሚገኘው በብዙ ደጅ ጥናት ነበር። በመጨረሻ ናፖሊን ይገዙ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ድጋፍ ሰጡ፤ ፓፓ ቀሌምንጦስ 12ኛም በ1732 ማኅበሩንና ኮሌጁን በደብዳቤያቸው አጸኑ። ሕጉ ለተማሪው አምስት ስእለት ያዝዛል፤ እነርሱም በድህነት መኖር፣ ለአለቆች መታዘዝ፣ ክህነት መቀበል፣ ከክህነት በኋላ በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ሥር ሆኖ በምሥራቅ አገር ማገልገል፣ ወደ ሌላ ማኅበር ሳይገቡ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ በዚሁ አገልግሎት መጽናት ናቸው። ከአምስቱ አራተኛውና አምስተኛው ልዩ ትኵረት የሚገባቸው ናቸው፤ ዓላማቸው በአውሮፓ የተማረው ሰው በአውሮፓ እንዳይቀር ማሰር ነውና። ከቻይናውያን ሌላ ከኦቶማን መንግሥት ግዛት የመጡ ወጣቶችም በዚሁ ኮሌጅ ይማሩ ነበር።

በ1734 ከመጀመሪያዎቹ አራት ተማሪዎች ሁለቱ፣ ዮሐንስ መጥምቅ ጉ እና ዮሐንስ ዪን፣ ክህነት ተቀብለው ወደ አገራቸው ጕዞ ጀመሩ። ዪን በመንገድ ሳሉ ሞቱ፤ ጉ ግን ደረሱ። የሚመለስ ካህን የሚያጋጥመው ፈተና የመንገድ ብቻ አልነበረም። በቻይና ቤት የአያት ቅድመ አያቶች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይከበራል፤ በፊቱም ዕጣን ይታጠናል፤ ይሰገዳል። ኢየሱሳውያን ይህን የዘመድ ክብር ነው ብለው ሲፈቅዱ ሌሎች ማኅበራት ጣዖት ማምለክ ነው ብለው ነቀፉት፤ ከረዥም ክርክር በኋላ ሮማ በ1715 ከለከለች፤ በ1742ም ክልከላውን አጠናከረች። ወደ ቻይና የሚላክ ካህን ሁሉ ይህን ክልከላ ለመጠበቅ ይምላል። ለአውሮፓዊው መሐላው የአስተዳደር ደንብ ነው፤ ለቻይናዊው ግን በአባቱ ቀብርና በእናቱ ቤት የሚጠብቀው ጕዳይ ነው። ክልከላው የላላው በ1939 በፓፓ ፒዮስ 12ኛ ዘመን ነው።

የኮሌጁ ትምህርት ምን ዓይነት ሰው እንዳፈራ ከአባ ሊ ዚብያዎ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሊ በ1760 በቻይና ሰሜን ምዕራብ ልያንግጆው ተወልደው በ1773 በ13 ዓመታቸው ናፖሊ ገቡ፤ በ1784 ተቀሰሱ። በ1792 የእንግሊዝ መንግሥት ሎርድ ማካርትኒን ወደ ቻይና መልእክተኛ አድርጎ ሲመርጥ ቻይንኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ስላጣ ሰዎቹ እስከ ናፖሊ ኮሌጅ ድረስ ሄዱ። ሁለት ካህናት ተስማሙ፤ አንዱ ማካዎ ሲደርሱ በመንግሥት ተይዘው እንዳይቀጡ ሠግተው ከመልእክቱ ተለዩ፤ ሊ ግን ቀጠሉ። በ1793 በጀሆል፣ ሪፓ ከ80 ዓመት በፊት በመዳብ በቀረጹት ቤተ መንግሥት፣ በንጉሠ ነገሥት ጭየንሎንግና በእንግሊዛዊው መልእክተኛ መካከል ቆመው አስተረጐሙ። ከእንግሊዛውያኑ ጋር የሚነጋገሩት በላቲንና በኢጣልያንኛ ነበር። ለሁለቱ መንግሥታት ያስፈለገው ይህ ዕውቀት በአገሩ ሕግ የተከለከለ የክህነት ትምህርት ፍሬ ነበር። መልእክቱ ሲመለስ ሊ ወደ ሻንሺ አውራጃ ሄደው በ1828 እስኪሞቱ ድረስ በስውር ምእመናንን አገለገሉ።

የኮሌጁ ድክመት የሚገለጠው በማዕርግ ጕዳይ ነው። በዘመኑ ሁሉ ከ100 በላይ ቻይናውያን ተምረውበታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ካህናት ሆነዋል። ሆኖም ከጳጳሱ ከሉዎ ዌንዛዎ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሌላ ቻይናዊ ወደ ጵጵስና አልደረሰም። ስድስት ቻይናውያን ጳጳሳት በፓፓ ፒዮስ 11ኛ እጅ የተሾሙት በ1926 ነው፤ ያም በሮማ ነበር። እንግዲህ ሪፓ የቻይናን ልጅ ላቲን አስተምሮ ካህን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ካህኑን ሿሚ ማድረግ ግን ከአንድ መምህር ሥልጣን በላይ ነበር። ሿሚው የውጭ ሰው ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስም የተማረው ካህን ለአውሮፓዊው ረዳትና አስተርጓሚ ከመሆን ብዙ ፈቀቅ አላለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጕዳይ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሱ ከእስክንድርያ መንበር የሚላክ ግብፃዊ ነበር። በ1929 አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ፤ በ1951 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳሳት፣ በ1959ም ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ የሚማረው በአገሩ፣ በግእዝ፣ ከአገሩ መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሢመቱ እጅ ብቻ ነበር። ለቻይናዊው ግን እጁም ትምህርቱም፣ የቅዳሴው ቋንቋም ከባሕር ማዶ ነበሩ። ኢትዮጵያ የሿሚነትን ሥልጣን በተረከበች ጊዜ ትምህርቱን አዲስ መጀመር አላስፈለጋትም፤ ጉባኤ ቤቱ ቀድሞ ነበርና።

ሪፓ በ1746 ዐረፉ። ኮሌጃቸው ኢጣልያ አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ በ1868 ንጉሣዊ የእስያ ኮሌጅ፣ በ1888 ደግሞ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ተባለ፤ ዛሬ «ሎሪየንታሌ» በሚል ስም የታወቀው የናፖሊ ዩኒቨርሲቲ እርሱ ነው። ክህነቱ ሲቀር የቋንቋው ትምህርት ቀጠለ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በዚሁ ተቋም አማርኛ ካስተማሩት አንዱ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 በሮማ ያሳተሙት በዚያ ባስተማሩበት ዘመን ነው። አንድ ቄስ ቻይናውያን ልጆች ቋንቋቸውን እንዳይረሱ ብለው መምህር አስከትለው የመሠረቱት ቤት፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከአንድ ኢትዮጵያዊ አማርኛ የሚማሩበት ቤት ሆነ።