ዳሞታ ሥር የሚወጣው ማዕድን

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አዲስ ክልል በተቋቋመ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ከርሰ ምድሩ ምን ይዟል? ጉጂ ወርቅ አለው። ደላንታ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በወገል ጤና ገደሎች ኦፓል እየተፈለፈለ ይወጣበታል። በሻንቶና በሶዶ ዙሪያ ያለው የወላይታ ደጋስ? የዚህ ጽሑፍ መልስ ቀላል ነው። ይህ ደጋ ዛሬም የማዕድን አገር ነው፤ ልዩነቱ የሚወጣው አፈሩ ውስጥ ያለው ለምነት መሆኑ ነው። ቁፋሮው ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ሮያሊቲ አይከፈልበትም፣ በኤክስፖርት ሰንጠረዥም አይታይም።

የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ ነገሩን ያስረዳል። መሀል ላይ ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዳሞታ ተራራ ቆሟል። በምዕራብ መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፤ እዚያ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግቤ ሦስት አለ። በምሥራቅ ብላቴ፣ በደቡብ ምሥራቅ አባያ። ሻንቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወረዳው ከዳሞት ጋሌ ተቆርሶ የወጣና በሰሜን ከሃዲያ የሚዋሰን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ዞን 1,501,112 ሕዝብ ነበረው፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 357 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ ከዘጠኝ ሰው ስምንቱ የገጠር ነዋሪ ነበር። በነገራችን ላይ ድንጋይ ፈልጎ ማውጣት እዚህ አዲስ ሥራ አይደለም። በዳሞታ ምዕራባዊ ጎን ባለው በሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ጥንታዊዎቹ ዕድሜያቸው ወደ 50 ሺህ ዓመት ይጠጋል።

የአፈሩን ጉዳይ ከገበሬው በላይ ያወቀው የለም፤ ለሁለት ዓይነት መሬቱ ሁለት ስም አለውና። ከደጃፉ ያለው ጥቁሩ ጓሮ ዳርኮዋ ይባላል፣ ራቅ ብሎ ያለው ቀዩ ማሳ ሾቃ። ጠዋት ከበረቱ የሚዛቀው ፋንድያ፣ የምድጃው አመድ፣ የወጥ ቤቱ ልጣጭ ሁሉ በቅርጫት ተሸክሞ የሚሄደው ወደ እንሰቱ ሥር ነው። ሾቃ ላይ የሚበቅለው በቆሎና ስኳር ድንች ግን ፍሬው ለሰው፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ተብሎ ተጠራርጎ ወደ ቤት ይገባል፤ የሚመለስለት ነገር የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ በወላይታው ኪንዶ ኮይሻ የተሠራ የንጥረ ነገር ሒሳብ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፤ የእንሰቱ ጓሮ ገቢና ወጪው ሲቀራረብ ሩቁ ማሳ በየዓመቱ ዕዳ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አንዱ ግቢ ውስጥ ማዕድን ማውጫም ማጠራቀሚያም አለ ማለት ነው፤ ሾቃ እየተቆፈረ ዳርኮዋ ይገነባል።

«ችግሩ የሕዝብ ብዛት ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው» የሚል መቃወሚያ ወዲያው ይመጣል። መሬቱ ጠባብ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ለዚህም ነው የወላይታ ወጣት በአዲስ አበባ ጎዳና ሊስትሮና ሎተሪ አዟሪ፣ በወንጂና በመተሐራ ሸንኮራ ቆራጭ ሆኖ የምናገኘው። ነገር ግን ብዛት ብቻውን አፈር የሚጨርስ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚራቆተው ሰው የተከማቸበት ጓሮ በሆነ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ላሟ ስትጠፋ ነው። ግጦሹ ሲታረስ ከብቱ ይቀንሳል፣ ከብቱ ሲቀንስ ፋንድያው፣ ፋንድያው ሲጠፋ እንሰቱ፤ ላም በርቢ ለመያዝ እንኳ ያልታደለው ቤት ደግሞ ሁሉም መሬቱ ሾቃ ይሆንበታል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀርና የስኳር ድንቹ ምርት ሲከሽፍ አገሩ አረንጓዴ እንደለበሰ ሰው የተራበው ለዚህ ነው። የጓሮው ስንቅ አስቀድሞ ሳስቶ ነበር።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ማዳበሪያ ምን ሠራ?» ይላል። የእርሻ ልማት ድርጅቱ ዋዱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር በብድር ማከፋፈል ከጀመረ ወዲህ በቆሎው መሻሻሉ እውነት ነው። ዳፕና ዩሪያ ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንጂ ብስባሽ አይተኩም። በዚያ ላይ ዝናብ የበዛበት የደጋው ቀይ አፈር አሲዳማ እየሆነ ነው፤ አሲዳማ አፈር ደግሞ የተሰጠውን ፎስፈረስ ቆልፎ ይይዘዋል፣ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። ለወላይታ ደጋ ከወርቅ ይልቅ የሚያስፈልገው ማዕድን ይኸው ርካሽ የተፈጨ ድንጋይ መሆኑ ማንንም የሚያጓጓ ዜና አይደለም። አንድ ሄክታር የሚፈልገው በቶን የሚቆጠር ስለሆነም ወጪው ከድንጋዩ ይልቅ በጭነቱ ላይ ነው፤ ከወፍጮው እስከ ሻንቶ፣ ከሻንቶ እስከ ቀበሌው ባለው መንገድ።

እውነተኛው ማዕድን ቢገኝስ? የጉጂው ለገደምቢ ወርቅ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግል ተዛውሮ፣ በ2010 ዓ.ም. በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ ሥራው ታግዶ ነበር። ከጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ሰው ከወርቁ ምን አገኘ የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። ተዳፋቱም የራሱ ቃል አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የገዜ ጎፋው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙም ሳይቆይ የወላይታው ኪንዶ ዲዳዬም ሟቾቹን ቆፍሮ አወጣ። እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ስለ ቁፋሮ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ዳገቱን ምን እንደያዘው ቢጠይቅ ይሻላል።

በወላይታው ሁምቦ ይህን የጠየቁ አሉ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ፣ የተቆረጠው ጉቶ ራሱ እንዲያቆጠቁጥ ተተወ። ሰባት ማኅበራት ይጠብቁታል። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዝግቦ፣ 165 ሺህ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ለዓለም ባንክ ፈንድ ለመሸጥ ተዋዋለ። ገንዘቡ ትልቅ ስም አግኝቷል። ለእኔ ግን የበለጠ የሚነግረኝ ከዛፎቹ ሥር የሚታጨደው ሣር ነው፤ በሸክም ወደ በረት ይገባል፣ ከበረት ደግሞ በቅርጫት ወደ ዳርኮዋ።